ለመላክ ብቻ የተገዛው ሞደም

የጋለ ፕላስቲክ ሲሸተኝ ዛሬም አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። ባለፈው ሳምንት ቻርጀርሽ ግሎ ያንን ሽታ ሲያመጣ ተነስቼ ከቤት የወጣሁት ለዚያ ነው። ጠይቀሽኛልና ልንገርሽ።

ቡራዩ ውስጥ የአንድ የግል ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ያኔ ደረጃ ስወጣ አላለከልክም ነበር። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ተነስቶ፣ መንገድ ዛሬ ተዘጋ ነገ ተከፈተ የሚባልበት ጊዜ ነው። ወላጆቹ አብዛኞቹ አዲስ አበባ ውለው የሚገቡ ነበሩ። ስልክ ሲደወል አልገባ ይላል፤ አጭር መልእክት ግን እየዘገየም ቢሆን ይደርሳል። ከኮምፒውተሩ ለሁሉም በአንዴ የሚልክ ሞደም ይገዛ ተባለና ከርዕሰ መምህሩ ጋር መርካቶ ወረድን።

ባለሱቁ ሁለት አወጣ። አንዱ አንቴና ያለው፣ ጡብ የሚያክል፤ ሌላዋ እንደ ፍላሽ ትንሽ።

"ይቺ ለኢንተርኔት የተሠራች ናት" አለ ትንሿን እያገላበጠ። "መላኩን ትልካለች። የሚመጣውን ግን ሲም ካርዱ ላይ ታጠራቅመዋለች። በየሳምንቱ ሲሙን አውጥታችሁ በስልክ ካላጸዳችሁት፣ ሲሞላ መቀበል ታቆማለች።"

"ትልቁን እንውሰድ" አልኩ።

ርዕሰ መምህሩ ሳቀ። "ደግሞ ኢንጂነር ሆንሽልን! እኛ ምን እንቀበላለን? ትምህርት ቤት ይናገራል፣ ወላጅ ይሰማል።"

በባለሱቁ ፊት። ርዕሰ መምህሩ አሁን በሕይወት የለም ይሉኛል፤ ያቺን ሳቁን ግን ይቅር አላልኳትም።

ትንሿ ተገዛች፤ ማጽዳቱም የኔ ሥራ ሆነ። መጀመሪያ በየሳምንቱ አጸዳሁ። በኋላ ግን፣ ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ "የመረጠ ያጽዳ" ብዬ ተውኩት።

አንድ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ በአስኮ መንገድ በኩል የጎማ ጭስ ታየ። "ልጆቻችሁን ውሰዱ" ብዬ ላክሁ። ሞደሟ ጋለች፣ ሸተተች። ልጆቹ አንድ በአንድ ተወስደው አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ብቻ ቀረች። እናቷ ፒያሳ የምትሠራ፣ ብቻዋን የምታሳድጋት ሴት ናት።

ረጅም ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ በሩ ላይ መጡ። ልጅቷ "አባባ!" ብላ ልትሮጥ ስትል እጇን ያዝኩ።

በኦሮምኛ ሰላም አሉኝና፣ "ጎረቤት ነኝ" አሉ። "እናቷ ጠዋት፣ መንገድ ከተዘጋ አንቱ ያምጡልኝ፣ ለትምህርት ቤቱም እጽፋለሁ ብላኛለች።"

ደንባችን ነው፤ ወላጅ ሳይጽፍ ልጅ ለሌላ ሰው አይሰጥም። የኮምፒውተሩን ስክሪን አየሁ፤ አዲስ መልእክት የለም።

"ኦቦ፣ አልጻፈችም።"

"ጽፋለች። እስቲ ደግመሽ እዪ።"

"የለም አልኩዎት እኮ!"

ደንቡ እውነት ነው። በኦሮምኛ ሰላም ባይሉኝ ኖሮ ግን ያን ያህል ባልጮህኩባቸው ነበር።

"እንግዲያው እናቷን ላምጣላት" ብለው ጭሱ ወዳለበት ዞሩ።

ከሄዱ በኋላ ነው ሲሙ ትዝ ያለኝ። አውጥቼ ስልኬ ውስጥ ከተትኩት። ማንም ባላነበባቸው የእንኳን አደረሳችሁ መልእክቶች ሞልቷል። ሳጠፋቸው የእናቷ ገቡ። "ለአባባ ስጡልኝ።" እንደገና፣ "ለአባባ ስጡልኝ።" መጨረሻ ላይ፣ "ምነው ዝም አላችሁኝ? በእግሬ እየመጣሁ ነው።"

"አትምጪ" ብዬ ጻፍኩ። አልሄደም። ወደ በሩ ሮጥኩ፤ ሽማግሌው የሉም። ልጅቷን ትቼ ልከተላቸው አልችልም። ተኩስ ይሁን የጎማ ፍንዳታ ያልለየሁት ድምፅ በመጣ ቁጥር ልጅቷ ቀሚሴን ትጨብጣለች፤ እኔም እሷን።

ሊመሽ ሲል መጡ። እናቲቱ አንድ ጫማዋ ተረከዙ ተነቅሏል፤ የሽማግሌውን ካፖርት እጅጌ አልለቀቀችም። አስኮ አካባቢ አግኝተዋት፣ መንገድ የዘጉትን ወጣቶች እየለመኑ ነው ያሳለፏት።

"ስንት ጊዜ ጻፍኩልሽ!" አለችኝ።

"ሞደሙን የመረጠው ርዕሰ መምህሩ ነው" አልኳት።

ሽማግሌው ልጅቷን አንስተው ትከሻቸው ላይ አስቀመጡ። "ነገ የማመጣት እኔ ነኝ" አሉ እየሳቁ። "ያኔ ደግሞ አላውቅዎትም እንዳትዪኝ።"

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲከፈት፣ ሽማግሌውን ከሩቅ እንድለያቸው መነጽሬን ወልውዬ በማለዳ በሩ ላይ ቆምኩ። ልጆች ገቡ፣ ደወል ተደወለ። እናቲቱ ልጇን ይዛ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት መግባቷን የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ጠዋት ዘበኛው ሁለት ጊዜ "እንዝጋው?" አለኝ። "ትንሽ ቆይ" አልኩት።