ያልጠፋው መብራት

ኡናይሲ በፊጂ ደሴቶች፣ በሱቫ ከተማ፣ ቤቷ ተቀምጣ፣ በየቤታቸው ሆነው የደንበኛ ስልክ የሚያነሱ ሠራተኞችን በኮምፒውተር ትመራለች። ሥራ ላይ ያለ ሰው በስክሪኗ ላይ ስሙ አጠገብ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ያን መብራት እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቀው።

ከሠራተኞቿ አንዱ ሴሩ፣ እናቱ ያረፉ ጊዜ፣ «እትዬ፣ የቡድናችን ልጆች እንደ ወጋችን ምንጣፍ ይዘው ለቅሶ ቢደርሱኝ?» አላት።

«አይዞህ ወንድሜ። መብራት ካጠፉ ግን ከሌሎቹ ቡድኖች በታች መሆናችን ነው። ልብ እንልክልሃለን» አለችው። ቀይ የልብ ምስል በስክሪኑ ተግተለተለ። በዚያው ሰሞን ምርጥ አነቃቂ መሪ ተብላ ተሸለመች።

ዘንድሮ ባሏ ሞተ። የሚመጣው ምንጣፍ የሚደረደርበትን ጥግ አስጠርጋ ጠበቀች። ከቡድኑ ዝር ያለ ሰው የለም። ስልኳ ግን በልብ ተጥለቀለቀ፤ ከሥሩ ሴሩ ጽፏል፦ «አይዞሽ እትዬ፤ የማናችንም መብራት አልጠፋም።»