ታላቅ እህቴ፣ ጉርጧና ግማሽ ባልዲ ውሃ

ታላቅ እህቴን የግቢው ሰው «እትዬ እምቢ» ይላታል። ዕድሜዋን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ስታጥብ ኖራ፣ ጉልበቷ ሲደክም በጋራ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየች። በረኪናው የእጇን ቆዳ ልጦታል። አንገቷን ግን ለማንም ደፍታ አታውቅም።

ዘንድሮ ውሃ ጠፋ። ቧንቧው የሚመጣው ሲያሰኘው ነው፤ በመጣ ጊዜ ለየቤቱ አንድ ባልዲ ይደርሳል። በዚያው ሰሞን አንዲት ጉርጥ ከደረቀው ቦይ ወጥታ እህቴ ደጃፍ፣ ከድንጋዩ ሥር ተወሸቀች። ቆዳዋ እንደ አሮጌ ጫማ ተጨማዷል። እህቴ አዘነችላትና በጣሳ ውሃ አቀረበችላት። ጉርጧ ዞር ብላም አላየችው።

«ምነው፣ ብርጭቆ ነው እንዴ የለመደችው?» አለች ጎረቤቷ፣ የሾፌሩ ሚስት።

እኔ ማንበብ የተማርኩት ከጡረታ በኋላ ስለሆነ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ስለ እንስሳት ከሚያወራ መጽሐፍ ያየሁትን ለእህቴ ነገርኳት። ጉርጥም እንቁራሪትም በአፋቸው አይጠጡም። እርጥብ ነገር ላይ በሆዳቸው ይለጠፋሉ፤ ውሃው ከሆዳቸውና ከጭናቸው ሥር ባለው ስስ ቆዳ ይገባል።

«በቆዳ?» አለች እጇን እያየች። «ይገባል እንጂ! እኔስ ስንት በረኪና ጠጥቻለሁ!»

ወዲያው ጆንያ አጥፋ ጣሳውን ደፋችበትና ከድንጋዩ አጠገብ ዘረጋችው። ጉርጧ እየተንፏቀቀች ወጣችበት፤ እግሮቿን ከፍታ፣ ሆዷን አጣብቃ ተኛች። ቆዳዋ ቀስ በቀስ ሞላ። ከዚያ ወዲህ ጆንያው ሳይረጥብ ውሎ አያውቅም። ለዚህ ብላ እህቴ ፊቷን መታጠብ ትታ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርገው ጀመር።

«ውሃ ለጉርጥ!» ብሎ ግቢው ታመሰ። የሾፌሩ ሚስት በእፍኟ ጨው ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ እስቲ ዘወር ይበሉልኝ። ይሄ ሲነሰነስባት ትሄዳለች።»

«አትሄድም፣ ትሞታለች። ውሃ የሚገባበት ቆዳ ጨው ሲነካው ይቃጠላል።» እህቴ በርጩማዋን ጎትታ ጆንያው ፊት ተቀመጠች። «እኔ ላይ ነስንሺው፤ ጨው አንሶኝ ከሆነ።»

ሴትዮዋ ሳቋ አመለጣት። ዋጥ አድርጋው፣ «ቆይ፣ እሱ ራሱ ይምጣልዎት» ብላ ተመለሰች። እሱ ያለችው ባሏን ነው፤ ቧንቧውን የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ነው።

ውሃው በመጣ ቀን እህቴ ባልዲዋን ይዛ ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ሾፌሩ ቧንቧውን ዘጋው።

«ሰው እየተጠማ ጉርጥ አይጠጣም። ወይ እሷን ያስወጡ፣ ወይ ባልዲዎን ያንሱ።»

«ከማን ባልዲ ቀድቼ ሰጠኋት? ካንተ ነው?»

«ከራስዎ።»

«እና?»

ሾፌሩ ግራ ቀኙን አየ፤ የሚያግዘው አጣ።

«እንግዲያው ለጉርጥ የሚተርፍ ካለዎት ግማሽ ይበቃዎታል!» አለ።

ሰዉ ትለምነዋለች ብሎ ጠበቀ። እኔ ግን አውቃታለሁ።

«ግማሹን ቅዳ» አለችው።

ግማሽ ባልዲዋን ተሸክማ፣ ሁሉም እያያት፣ መጀመሪያ ጆንያውን አራሰች። ከዚያ አንድ ኩባያ ቀድታ፣ ሾፌሩን ትክ ብላ እያየች ጭልጥ አደረገችው።