ስምንት ተደምሮ

ሂዳያ ከከሚሴ ሐርጌሳ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏ ሥራ ልፈልግ ብሎ ወደ በርበራ ወረደና በዚያው የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። እሷ ጋአን ሊባህ ሰፈር ሰው ቤት ልብስ እያጠበች ትተዳደራለች፤ ልጇን ሙልኪን አዝላ ትሄዳለች፣ አዝላ ወደምትኖርበት ሰፈር ወደ ዳሚ ትመለሳለች። ሙልኪ ሦስት ዓመት ሞልቷት አንዲት ቃል እንኳ አልወጣትም። ጎረቤት ግን "አፏን እስክትፈታ ነው፤ አንዴ ከጀመረች ማን ያስቆማታል!" ይላል። ጎረቤት ምን አለበት!

በመጨረሻ የልጆችን የአንጎል እድገት በኤም አር አይ የሚለካ ክሊኒክ ወሰደቻት። መዝጋቢው የልደት ቀኗን በፈረንጅ አቆጣጠር ሲጠይቃት፣ ጥቅምት 2015 ላይ ስምንት ደምራ 2023 አለች፤ አገር ቤት ሰው ሁሉ እንዲያ ሲል ሰምታለች። ልጅቷን አስተኝተው ወደ ጩኸታሙ ማሽን አስገቧት። እናት በረንዳ ላይ ዱዓዋን ያዘች።

ውጤቱን የነገረቻት ጅግጅጋ ያደገችውና አማርኛ የምትችለው ዶክተር ዋርሳን ናት።

"አይዞሽ እህቴ፣ የአንጎሏ እድገት ልክ ለዕድሜዋ ነው።"

"አልሐምዱሊላህ!" ብላ እጇን ሳመቻት። እስከ ዋሄን ገበያ ስትሄድ የሙልኪ ክብደት እንኳ አልተሰማትም። እዚያ ያለው የአገሯ ልጅ፣ ልብስ ሰፊው ታጁ፣ እንግሊዝኛ ያነባልና የውጤቱን ወረቀት ሰጠችው።

"ማሻአላህ! ዕድሜ ሁለት ዓመት..."

"ሦስት ናት እንጂ!"

ታጁ እንዴት እንዳስመዘገበች ጠየቃት፤ ነገረችው። መቀሱን አስቀመጠ።

"ሂዱዬ፣ ስምንት የሚደመረው ከጥር ጀምሮ ነው። ለጥቅምት የሚደመረው ሰባት ነው፤ የተወለደችው 2022 ነው።"

ልክ ነው የተባለው ለሁለት ዓመት ልጅ ነበር። እንደ እውነቱ ከሆነ ዝም ማለት አማራት፤ ያቺን ደስታ ማን ይመልሳል? ግን ልጅ በውሸት ዕድሜ አታድግም።

በማግስቱ ተመልሳ ተናገረች። ዋርሳን የእድገቱን ግራፍ አውጥታ የሙልኪን ነጥብ ከሁለት ወደ ሦስት ዓመት አሻገረች። ነጥቧ ለዕድሜዋ ልክ ከሆነው መስመር በታች ወደቀች።

"ዶክተር፣ ትድናለች ወይ?"

ዋርሳን ቀና ብላ ሳታያት መለሰች።

"እንረዳታለን፣ እህቴ።"

ሂዳያ የጠየቀችው ሌላ፣ የተመለሰላት ሌላ መሆኑ ገባት። ሙልኪን መልሳ አዘለቻት።