የአያ ፈንታው ይቅርታ

ሮቢት ላይ ሰው ሲጣላ መጀመሪያ የሚጠራው ፖሊስ አይደለም፤ አያ ፈንታው ናቸው። በውሃ ተራ የተፈነካከቱ ገበሬዎችን፣ ባልና ሚስትን፣ ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ሳይቀር አስታርቀዋል። እኔ ቆቦ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝና፣ እሳቸው ያስታረቁት ሁሉ ከእኔ እንጀራ የጎደለ ነው እያልኩ እቀልድባቸው ነበር። አሁን አልቀልድም፤ በዚህ በማወራው ነገር የእኔም እጅ አለበት።

ልጃቸውን ገዛኸኝን ከጎብዬ ገበያ ሲመለስ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ገጭቶ ገደለው። ሚስቱ ኤልሳቤጥ ሁለት ልጆች ታቅፋ ቀረች። አርባው ሳይወጣ ሾፌሩና የመኪናው ባለቤት ከነወገኖቻቸው ድንጋይ ተሸክመው መጥተው ሐዘን ቤቱ ደጅ ላይ ተንበረከኩ። አገሩ በሙሉ ዓይኑን አያ ፈንታው ላይ ጣለ። ዕድሜ ልካቸውን ሌላውን "ይቅር በል" ሲሉ የኖሩት ሰው፣ ነገሩ በራሳቸው ደረሰ።

ተነሡና ድንጋዩን ከሰዎቹ ትከሻ አወረዱ። "ለእግዚአብሔር ብያለሁ" አሉ። የመኪናው ባለቤት ስለ ካሳ ሊናገር ሲጀምር መሬቱን በከዘራቸው መቱት። "የልጄን ደም አልሸጥም! ከዚህ ቤት አንድም ሰው ሳንቲም አይጠይቃችሁም!" ሰው አለቀሰ፤ ቄሱ መረቁ። አንዲት ሴት ከበሩ ብቅ ብላ "ኤልሳቤጥስ ትጠራ?" ስትል "ሴት እዚህ ምን ትሠራለች?" ብለው መለሷት።

ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ "ቤተሰቡ ከእንግዲህ ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ አያነሣም" ብዬ። አሥራ ስምንት ዓመት ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ የሚስትና የልጆች መብት በአያት እጅ እንደማይሰጥ አጥቼው አይደለም። በዚያ ሁሉ ምርቃት መሐል አፌን መክፈት አሳፈረኝ። እውነተኛው እፍረት የመጣው በኋላ ነው።

ሁለት ዓመት ከአራት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት አያ ፈንታው ለእርቅ ተጠርተው በባጃጅ ሲሄዱ፣ መንገድ ዳር በሰው ማሳ ሽንኩርት የሚያርሙ የቀን ሠራተኞች አዩ። አንዷ ስታያቸው ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ጀርባዋን ሰጠች። ምራታቸው ኤልሳቤጥ ነበረች። አብረዋቸው የተሳፈሩት ሽማግሌዎች ደግሞ ልክ በዚያች ሰዓት ያን ይቅርታቸውን እያነሡ ያሞግሷቸው ነበር።

እርቁን ጥለው እኔ ዘንድ መጡ።

"እንዳላፍር ብላ ተሸሸገችልኝ። 'በሰው ጠላ ልጇን ዳረች' የሚሉት እኔን ነው። ያ ወረቀትህ ይፈርሳል?"

ወረቀትህ ማለታቸው ልቤን ወጋው፤ ግን እውነታቸውን ነው። ኤልሳቤጥን አስጠርተን፣ አቅም ለሌለው በነፃ የምትቆም ትዕግሥት የምትባል ጠበቃ ዘንድ ሄድን።

ትዕግሥት ሳትቸኩል አስረዳችን። የወንጀሉን ክስ የመሠረተው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ እርቁ ለሾፌሩ ቅጣት ማቅለያ ሆኖት ያ መዝገብ ተዘግቷል። ካሳ ግን ራሱን የቻለ ክስ ነው። ሚስትም፣ ልጆችም፣ ወላጆችም በየራሳቸው መጠየቅ ይችላሉ፤ የሚጠየቀውም ሾፌሩ ብቻ ሳይሆን የመኪናው ባለቤት ጭምር ነው።

"አባት የራሱን ይተዋል" አለች። "የእሷንና የልጆቹን ግን ያለ ውክልና ሊተውባቸው አይችልም።"

"ታዲያ ምን ያሰጋል?" አሉ አያ ፈንታው።

"አንዱ ጊዜው ነው። እንዲህ ያለ ክስ ሁለት ዓመት ካለፈው በይርጋ ይታገዳል። ሞቱ በወንጀል የመጣ ስለሆነ ረዘም ያለው የወንጀሉ ይርጋ ይቆጠርልን ብዬ እከራከራለሁ። ሁለተኛው ወረቀቱ ነው፤ ኤልሳቤጥ ተስማምታበታለች ማለታቸው አይቀርም። እንዳልተጠየቀች በችሎት የሚመሰክር ሰው እፈልጋለሁ።"

ኤልሳቤጥ እንዳቀረቀረች "ይቅር፤ አባባን ችሎት አታቁሙብኝ" አለች። "እኔ እንደሆን ሥራውን ለምጄዋለሁ።"

አያ ፈንታው የዚያን ጊዜ አለቀሱ።

እኔው እመሰክራለሁ ብለው አጸኑባትና ክሱ በእሷና በልጆቿ ስም ተከፈተ፤ ዳኛውም ተከሳሾቹ ያነሡትን የይርጋ መቃወሚያ ውድቅ አደረጉት። በምስክር ቀን ችሎቱ በሮቢት ሰው ተሞላ። አያ ፈንታው ከማሉ በኋላ ከዘራቸውን ሳይደገፉ ቆሙ።

"ያን ቀን ያመሰገናችሁኝ ሁሉ እዚህ አላችሁ" አሉ። "ምስጋናችሁ ጣፈጠኝ። ይቅርታው የእኔ ነበር፤ ዛሬም አላነሣውም። ካሳው ግን የእሷና የልጆቿ ነበር። ሳልጠይቃት የሷን አንሥቼ ለሰው ሰጠሁ፤ እንዲህ የሚያደርገውን ሰው ምን እንደምትሉት ታውቃላችሁ።"

ቀጥሎ እኔ ተጠራሁ። የኤልሳቤጥ ፊርማ ለምን እንደሌለ ስጠየቅ "አልጠራናትም" አልኩ። ከምስክር ቦታው ወርጄም የማንንም ፊት አላየሁም።

ወረቀቱ እሷንና ልጆቹን እንደማያስር ተወሰነ። የካሳው ልክ ገና በክርክር ላይ ነው።

ከዚያ ወዲያ ለወራት አያ ፈንታውን ለእርቅ የጠራቸው አልነበረም። ባለፈው ወር ግን ጎብዬ ላይ ሰው ሞቶ ተጠሩ፤ ወረቀት የምጽፈው እኔ ነኝና አብሬያቸው ሄድኩ። ገዳዮቹ ድንጋያቸውን ተሸክመው ተንበርክከዋል፤ ሽማግሌው ሁሉ የእሳቸውን ቃል ይጠብቃል። እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

"የሟች ሚስት የታለች?" አሉ።

"ሴት እዚህ ምን ትሠራለች?" አላቸው አንዱ።

"እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር" አሉና እስክትመጣ ድረስ ቆመው ጠበቋት።