የገለበጥኩት መጽሐፍ

ይህን ነገር ከአፌ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነው። ንስሐ አባቴ እንኳ አያውቁትም። በጾም ቅቤ መላሴን ሁለት ጊዜ ተናዝዣለሁ፤ በመጀመሪያው ስለሳቁልኝ። እታገኝ ከምትባል ልጅ ጉዳይ ስደርስ ግን ዘልዬ አልፋለሁ። እናንተ አታውቁኝም፣ ለእናንተ መናገር ይቀላል። አያችሁልኝ? ስናዘዝ እንኳ ቀላሉን መንገድ የምመርጥ ሽማግሌ ነኝ።

ቀየት ከሚባለው ቦታ አጠገብ ፊደል አስቆጥር ነበር። የመንደሩ ልጅ ሁሉ «የኔታ» ይለኛል። ታዲያ አንዲት ወጣት መምህርት ከበሮ ይዛ መጣች፤ ሰናይት ትባላለች። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ጊዜ ትመታለች፣ ልጆቹም እየዘመሩ ፊደሉን በጣት ይከተላሉ። የእኔ ተማሪዎች አንድ በአንድ ወደ ከበሮው ሄዱ። የቀሩኝ አለንጋዬና ድመቴ ነበሩ፤ ድመቷም ብዙ አልቆየች።

እታገኝ የጎረቤቴ የተክሌ ልጅ ናት። ያኔ ዐሥር ዓመቷ ነበር። ስትናገር ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ይያዝባታል። እኔ ዘንድ ዓመት ሙሉ ተቀምጣ «ሀ»ን ከ«ለ» አልለየችም። በከበሮው ግን ምላሷ ተፈታ። ቃል የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያበቃ መጀመሪያ ጆሮዋ ያዘው፤ ዓይኗ ኋላ ተከተለ። እኔስ በምን ተማርኩና? ገና ፊደሉን ሳልለይ ንባቡን በዜማ ይዤው አልነበረም? ዜማ ልጅን ወደ ንባብ እንደሚያደርስ ከማንም በላይ አውቅ ነበር። አውቄ ነው ያደረግኩት።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ተክሌ ልጁን ደብረ ብርሃን አክስቷ ዘንድ የቤት ውስጥ ሥራ እንድትሠራ ሊልካት አስቧል።

«የኔታ፣ እርስዎ አንብባለች ካሉኝ ትማራለች» አለኝ። «ዘፈን ብቻ ከሆነ ግን ምን ያደርግልኛል?»

ያን ጠዋት ከጓሳ ተራራ የወረደ ጉም ግቢውን ሞልቶታል። ከበሮው አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ይመጣል።

እታገኝ ሕዝቡ ፊት ስትቆም የማንበቢያውን መጽሐፍ እንድሰጣት ተጠራሁ። ገና ያልተማሩትን ገጽ ገለጥኩ። ከዚያ ለሳቅ ብዬ ገልብጬ ሰጠኋት። ለሳቅ ብዬ ነው፤ እስከዚህ ድረስ እውነት ነው።

ልጅቷ መጽሐፉን ሳታቃና ዘመረች። ሕዝቡ ሽፋኑ መገልበጡን አይቶ ተንከተከተ። አንዱ «መጽሐፉን ተቀበሏት፣ ሳይደክማት ትዘምር» አለ። እኔ ግን አጠገቧ ቆሜ ጣቷን አየሁ። ከግርጌው ቀኝ ጥግ ተነሥቶ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መስመር ሽቅብ ይወጣል። የምትለውን ቃል ሁሉ በትክክል ይነካል። ያኔ ገባኝ። ሰናይት ዘንድ አንድ መጽሐፍ ለአራት ልጅ ነበር፤ እሷ ስትማር የከረመችው ከማዶ ተቀምጣ፣ መጽሐፉን ከአናቱ እያየች ነው። ፊደልን የለመደችው ተገልብጦ ነው። ያልተማረችውን ገጽ፣ በዚያ ሁሉ ሳቅ መሀል፣ አንድ ቃል ሳትስት አነበበች።

«አንብባለች እኮ» አለች መምህርቷ። «እባካችሁ፣ አንብባለች።»

ማን ይስማት? ተክሌ ወደ እኔ ዞረ።

«የኔታ፣ አንብባለች?»

«ዘምራለች» አልኩት።

እኔ ነኝ ያልኩት። ሰይጣን አላለውም፣ እርጅና አላለውም። የምቀናው በከበሮ ነበር፤ የጣልኩት ግን ልጅ ነው። እታገኝ ቀና ብላ አየችኝ። አላለቀሰችም። ማክሰኞ ሄደች።

አድጋ ከደብረ ብርሃን ዐረብ አገር ተሻገረች። መጀመሪያ ትደውል ነበር። ስልኩ ጸጥ ካለ ሦስት ዓመት ሆነው።

ተክሌ በየሰንበቱ ይመጣል። ጉልበቴን ስሞ ይቀመጣል።

«ስልኳ ተበላሽቶባት ነው፣ የኔታ» ይለኛል። «ደብዳቤ እንዳትጽፍልን ፊደል አታውቅ። እንጂ ደኅና ናት።»

«ደኅና ናት» እለዋለሁ።

መምህርቷ ከተዛወረች ወዲህ፣ ልጅቷ ፊደል እንደምታውቅ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ታዲያ ደብዳቤው ለምን አልመጣም? ይህን ጥያቄ ይዤ የምተኛውም እኔ ብቻ ነኝ። እሱ በእኔ ውሸት ተጽናንቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይቅር በሉኝ አልልም። ለተክሌ አዝኜ፣ ተስፋውን እንዳልነጥቀው ብዬ ዝም ያልኩም እንዳይመስላችሁ። እውነቱን የነገርኩት ቀን ጉልበቴን የሚስም ሰው አይኖረኝም። ዝም ያልኩት ለዚህ ነው።