ሾላው ሥር የነበረው ቤት

ባለፈው ሳምንት የእንጭኒው ጓደኛዬ ቶሎሳ ሊጠይቀኝ አምቦ ሲመጣ «ሎኬሽን ላክልኝ» ቢለኝ፣ ስልኬን ከፍቼ ሰፈራችንን ስፈልግ የጎረቤታችን የአዴ ጫልቱ ሾላ ከላይ ሲታይ ጥቅል ጎመን መስሎ ብቅ አለብኝ። ደነገጥኩ። ሾላው ከተቆረጠ ስንት ጊዜው!

ያላየው ሰው ተጋነነ ይላል እንጂ፣ ልጆች ሳለን የዚያ ሾላ ጥላ እንጭኒ ገበያ ድረስ ይደርስ ነበር። ከሥሩ ያለችው የአዴ ጫልቱ ቤት ፀሐይ አይታ ስለማታውቅ ዶሮዎቻቸው በቀትር መሸ ብለው ይሰፍራሉ፤ የክረምቱም ዝናብ ከቅጠል ቅጠል እየተንከባለለ መሬት የሚደርሰው እኛ ተጫውተን ከተበተንን በኋላ ነው። የረገጥነው ፍሬ ጣፋጭና ኮምጣጣ ሽታው ልብሳችን ላይ ስለሚቀር እናቶቻችን የት እንደዋልን አይጠይቁንም። ጉንዳን ያለበትን ስንገምጥ አዴ ጫልቱ ከደጃፋቸው «ብሉ፣ ሥጋ ነው» ይሉን ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የከተማው አዲስ ፕላን ከሳተላይት ፎቶ ተሠራ ተባለና፣ ታብሌት የያዘ ወጣት ባለሙያ መጣ። በኦሮምኛ ሰላምታውን አዥጎድጉዶ ሲያበቃ ታብሌቱን አየ፣ ቤቱን አየ፣ ደግሞ ታብሌቱን አየ።

«አዴ፣ እዚህ ቤት የለም። ዛፍ ነው የሚያሳየው። ቦታው አረንጓዴ ስፍራ ተብሏል።»

«ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ፣ ልጄ? ጉሬዛ?»

ሁላችንም ሳቅን፤ ልጁም ሳቀ፤ ታብሌቱ ብቻ አልሳቀም።

አዴ ጫልቱ ቤቴ ከላይ ይታይ ብለው ሾላውን አስቆረጡት። ገመዱን ከሚጎትቱት አንዱ እኔ ነበርኩ። ሲወድቅ ሰፈሩ ድንገት በራ፣ ዶሮዎቹ ቀኑና ሌሊቱ ተምታታባቸው፣ አዴ ጫልቱም ቆርቆሯቸው ሲያብለጨልጭ አይተው «አሁንስ ታየሁ» አሉ። ፎቶው ግን የድሮው ነው፤ አዲሱ መቼ እንደሚነሣ የሚያውቅ ጠፋ። ቤቱ ፈረሰ፤ እሳቸው ብርዳሙ ጄልዱ፣ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ፤ በቦታው ችግኝ ተተከለና ደረቀ።

ማንን መቀየም እንዳለብኝ እስካሁን ግራ ይገባኛል። ባለታብሌቱ ልጅ አልዋሸም፣ ፎቶውም አልዋሸም፣ አዴ ጫልቱም ቤት ነበራቸው።

ስልኬ ላይ ሾላውን በሁለት ጣቴ ባሰፋው ባሰፋው አረንጓዴ ጉም ሆነ እንጂ ደጃፉ አልታይ አለኝ። እሱኑ ለቶሎሳ ላክሁለት።

ደርሶ ደወለ። «ሜዳ ላይ ነኝ። ስልኩ ዛፍ ይላል፤ ዛፉ የታለ?»

«ሥሩ ነህ» አልኩት። «እንዳትነቃነቅ፣ መጣሁ።»