ያቺ መግባት ያልነበረባት ኳስ

ዛሬ ጠዋት «ጋሼ ይመር ሞተ» ተብሎ ሲደወልልኝ «ኧረ ተው፣ ሌላ ይመር ይሆናል» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። መልሼ ደወልኩ። ራሱ ነው። የሐይቅ ከተማው ጋሼ ይመር፣ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኛችን።

ይህን የምጽፈው ወደ ቀብሩ በሚወስደኝ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው። ሐዘን ብቻ አይደለም ያለብኝ፣ ፈርቻለሁ። የጋሼ ልጆች ይህን የፌስቡክ ገጼን እንደሚያዩ አውቃለሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ እኛ ሰባተኛ ክፍል ነን። ጋሼ ገና ከማሠልጠኛ የወጣ ወጣት አስተማሪ ነበር። የበርሜል ቀለበት ባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ቸነከረ፣ ከዓሣ አጥማጆች የለመነውን አሮጌ መረብ አንጠለጠለበትና «ቡድን አለን» አለ።

ምን ቡድን! ግማሾቻችን ኳሷን በእግር እንመታለን፣ ግማሾቻችን ስትመጣብን ፊታችንን እንሸፍናለን። ለግጥሚያ ውጫሌ ሄደን አንድም ሳናገባ ስንመለስ ጋሼ መንገዱን ሙሉ ሲስቅብን ነበር የመጣው።

እኔ ለኳስ የሚሆነኝ ቁመቴ ብቻ ነበር። ወርውሬ ወዲያው እጄን እሰበስባለሁ። እሱ ይጮኻል፦ «ሁሴን! ኳሷ ትሂድ፣ እጅህ ይቆይ!»

አንድ ቀን ከሰዓት ልምምድ ላይ ሳለን አንድ ኦራል መኪና ሜዳው ዳር ቆመ። አፈሳ ነው፤ ለጦርነቱ ወጣት እየለቀሙ ነበር። ታጣቂዎቹ ከበቡን። አለቃቸው ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

«ይሄ ተማሪ አይደለም። ጎረምሳ ነው።»

«ኧረ ወላሂ ልጅ ነው! ቁመቱን አይታችሁ እንዳትሳሳቱ፣ ኳስ እንኳን መያዝ አያውቅም» አለ ጋሼ።

ሰውዬው ሳቀ። «እስቲ ይወርውር። ከሳተ ልጅ ነው፣ ይቅር። ካገባ ይሄዳል።»

ጋሼ እፎይ ሲል አየሁት። ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን አግብቼ አላውቅማ! ኳሷን ሲሰጠኝ «አብሽር፣ አይዞህ» አለኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ ወረወርኩ።

ገባች።

«ይሄማ ቦምብ ይወረውራል!» ብሎ አለቃው ክንዴን ያዘኝ። ሱሪዬ ረጠበ። አላፍርም፣ እስከዚያ ቀን እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም ነበር።

ጋሼ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ እኔ አንገት ላይ አጠለቀው። «የጎደላችሁ የሰው ቁጥር ከሆነ እኔ አለሁ። እሱን ልቀቁት።»

«አይሆንም፣ እኔ ልሂድ» አላልኩም። መኪናው ጋሼን ጭኖ ወደ ደሴ መንገድ ሲወጣ፣ እሱ ገና ኳስ እንደ ወረወረ ሰው ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ከዓይናችን እስኪጠፋ አላወረደውም።

ከዓመታት በኋላ ቆስሎ ተመለሰ። ያ ቀኝ እጁ ግን ከዚያ ወዲያ ከትከሻው በላይ አልተነሳም። ለሰው ሁሉ «በፈቃዴ ነው የዘመትኩት» አለ። እኛንም «እንዳታወሩ» አለን። እኔማ ባይለኝም ፈሪ ነኝ፣ አላወራም ነበር።

የጋሼ ልጆች፣ አባታችሁ የሄደው በእኔ ፈንታ ነው። ዛሬ ፊታችሁ መቆም ያንን መኪና ከማየት ይልቅ ያስፈራኛል። ቢሆንም እየመጣሁ ነው። ፊሽካውም ኪሴ ውስጥ ነው፣ የእናንተ ነው።

ጋሼ፣ ብስታት ኖሮ እያልኩ ሸመገልኩ። አላህ ያን እጅህን ያንሳልህ። አንተ ሂድ፣ አብሽር። እንዳልከኝ፣ የኔ እጅ እዚህ ይቆያል።